«ዓመቱ ሲያልቅ ታክሱ ይመለስልኛል»፦ ስለ ደመወዝ ግብር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል የሠራተኞችን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ በአስተናጋጅነት፣ በእንግዳ መቀበያና በልብስ ንጽሕና ክፍል ለሁለት ወር ያህል የሚቀጠሩ ተማሪዎች ይመጡልናል፤ ከእነርሱም አንዱ ባለፈው ነሐሴ የመጨረሻ ደመወዙን ሊፈርም ሲመጣ «ይሄ የተቆረጠው ታክስ መቼ ነው የሚመለስልኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሜሪካ ያለች የአክስቱ ልጅ በየዓመቱ ስለሚመለስላት ገንዘብ ነግራው ኖሯል። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ስንፍና የለበትም፤ የተነሣው የአንድን አገር ሥርዓት በሌላው አገር የደመወዝ ወረቀት ላይ ከመፈለግ ነው። እርሱም ጓደኞቹም ደጋግመው ከሚያነሷቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

«በዓመቱ መጨረሻ ማመልከቻ ሞልቼ የተቆረጠብኝን እወስዳለሁ»

የአክስቱ ልጅ አልዋሸችም። በአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብር የሚሰላው በሙሉ ዓመቱ ገቢ ላይ ነው፤ ቀጣሪው በየደመወዙ የሚይዘው ገንዘብ በግምት የሚያዝ ሲሆን፣ ሠራተኛው በተከታዩ ዓመት እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የዓመቱን ገቢ አስታውቆ ከተያዘበት ጋር ያመሳክራል። ጥቂት ወራት ብቻ የሠራ ተማሪ የዓመት ገቢው ግብር ከሚጀምርበት መጠን በታች ስለሚሆን የተያዘበት የገቢ ግብር ይመለስለታል። እዚያም ቢሆን ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለአገሪቱ የጡረታ ዋስትና) የሚቆረጠው 6.2 በመቶ እና ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የጤና መድን) የሚቆረጠው 1.45 በመቶ ከዚህ ተመላሽ ውስጥ አይካተትም።

የእኛ ሕግ ግን የሚቆጥረው በወር ነው። በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር ለእያንዳንዱ ወር ለብቻው ይሰላል፤ ቀጣሪው ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው አካል ካስገባ በኋላ የዚያ ወር ሂሳብ ይዘጋል። ሌላ ገቢ የሌለው ተቀጣሪ በዓመቱ መጨረሻ የሚሞላው የግብር ማስታወቂያም ሆነ የሚጠብቀው ማመሳከሪያ የለም።

የጠያቂያችንን ሂሳብ እንውሰድ። ሐምሌና ነሐሴ በየወሩ 9,000 ብር ተከፍሎታል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሎ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ማስከፈያ ልክ የ9,000 ብር የወር ግብር 1,400 ብር ነው፤ በሁለቱ ወራት 2,800 ብር ተቆርጦበታል። የዓመት ገቢው በሙሉ 18,000 ብር ብቻ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው የወር 2,000 ብር በ12 ሲባዛ 24,000 ይሆናልና፣ ግብሩ በዓመት ቢሰላ ኖሮ አንድ ብር ባልከፈለ ነበር። በወር ስለሚሰላ ግን ሥራ ያልነበረባቸው 10 ወራት ለሁለቱ የሥራ ወራት ምንም አላካፈሉም። ይህ አሠራር ክረምት ብቻ ለሚሠራ ተማሪ እንደሚከብድ እኔም እስማማለሁ፤ ሆኖም አሠራሩ ቅር የሚያሰኝ መሆኑ ብቻውን በስሕተት የተቆረጠ አያደርገውም።

ማመሳከርና ማቀናነስ ያለው በራሳቸው ስም ለሚነግዱትና አገልግሎት ለሚሰጡት ነው። ፎቶ የሚያነሣ ወይም የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ወጣት ለድርጅቶች ሠርቶ ክፍያ ሲቀበል የሚያዝበት ግብር በቅድሚያ እንደተከፈለ ተቆጥሮ ከዓመቱ የንግድ ግብር ላይ ይታሰብለታል። ለዚህ ነው ሁለት ወጣቶች በአንድ ሕንፃ እየሠሩ አንዱ ስለ ዓመት ሂሳብ ሲያወራ ሌላው ግራ የሚገባው።

«ተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገና ነው፤ ግብር አይመለከተኝም»

በማስከፈያ ልኩ ላይ ዕድሜም ሆነ የተማሪ መታወቂያ ቦታ የለውም። ሕጉ ለትምህርት የሚሰጥ የስኮላርሺፕ ድጎማን ከግብር ነፃ ያደርጋል፤ ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ግን እንደማንኛውም ተቀጣሪ ደመወዝ ነው።

«ተቀናሽ የተባለው ሁሉ የእኔ ነው»

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ሳያውቀው አሳስቶናል። «ተቀናሽ» የሚለውን አንድ ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች እንጠቀምበታለን። የመጀመሪያው ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሣ ወጪ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በግብር ሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ የምናየው 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 የሚለው ቁጥር ነው።

ሦስተኛውን የሚመለስ ገንዘብ አድርገው የሚቆጥሩ አጋጥመውኛል። ይህ ቁጥር ሂሳቡን ለማሳጠር የተቀመጠ ብቻ ነው። ገቢው በእርከን ተከፍሎ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ምንም አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱን እርከን ለየብቻው አስልቶ ከመደመር ይልቅ፣ ሙሉውን ገቢ በደረሰበት እርከን መጣኔ አባዝቶ በዓምዱ ያለውን ቁጥር መቀነስ ያው ውጤት ላይ ያደርሳል። 9,000 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,250 ይሆናል፤ 850 ሲቀነስለት 1,400 ይቀራል። በወረቀቱ ላይ የሚያዩት 1,400 ይህ ቅናሽ ተደርጎለት ያለቀ ሂሳብ ነውና 850ው ዳግመኛ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ደረሰኝ ወደሚሰበስቡት ወጣቶች ያመራናል። ነጋዴ የሱቅ ኪራዩንና የሠራተኛ ደመወዙን ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ ተቀጣሪ ግን ሥራውን ለመሥራት ያወጣውን ወጪ እንዲቀንስ ሕጉ አይፈቅድለትም። የማታ ትምህርት ክፍያም፣ የቤት ኪራይም፣ የባጃጅ ሂሳብም፣ ለሥራ የተገዛ ጥቁር ጫማም የደመወዝ ግብርን አያሳንሱም። ደረሰኝ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይረባም።

«ጭማሪው ከፍ ወዳለው እርከን ስለሚያስገባኝ ባይጨመርልኝ ይሻለኛል»

7,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 900 ብር ነው። 100 ብር ተጨምሮለት 7,100 ሲደርስ ግብሩ 925 ይሆናል። ከፍ ያለው 25 በመቶ የሚነካው ከ7,000 በላይ ያለችውን 100 ብር ብቻ ስለሆነ ከግብር በኋላ 75 ብር ይተርፈዋል። «ከደመወዜ ሠላሳ አምስት በመቶውን ወሰዱት» የሚለው ምሬትም ከዚሁ አለመረዳት የመጣ ነው፤ 15,000 ብር የሚያገኝ ሰው የሚከፍለው 3,200 ብር ሲሆን ይህም ከጠቅላላው 21 በመቶ ያህል ነው።

«ደመወዜ ከ2,000 በታች ስለሆነ ምንም ሊቆረጥብኝ አይገባም»

ይህን በተለይ የምሰማው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ከሚሠሩ እኅቶቻችን ነው፤ ከፊሉ እውነት ስላለበትም ማብራሪያ ይፈልጋል። ግብሩ የሚሰላው በወሩ ከመቀጠር በተገኘው ጠቅላላ ገቢ ላይ እንጂ በመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ መነሻ ደመወዟ 1,900 ብር የሆነ ሠራተኛ 700 ብር የትርፍ ሰዓትና 300 ብር ያለመቅረት ማበረታቻ ብታገኝ የወሩ ገቢዋ 2,900 ብር ስለሚሆን 135 ብር ግብር ይቆረጥባታል። በቀጣዩ ወር ትርፍ ሰዓት ካልሠራችና ማበረታቻውም ከቀረ ግብሩ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ከወር ወር የሚለዋወጥ ቁጥር ሲያዩ ሂሳብ ሹሙን ከመጠርጠር በፊት የወሩን የትርፍ ሰዓት መመልከት ይበጃል።

ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በትክክል መታሰቡን ማረጋገጥ ግን የግድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። አንዲት የስፌት ሠራተኛ በግብር ከምታጣው ይልቅ በተሳሳተ የትርፍ ሰዓት አቆጣጠር የምታጣው ሊበልጥ ይችላል። ከአበሎች ውስጥ የመጓጓዣ አበል እስከ ተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ ሲሆን፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ግን ከደመወዝ ጋር ይደመራል።

«የተቆረጠው ሁሉ ታክስ ነው»

ከሁሉም በላይ ወጣት ሠራተኞችን የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሁሉንም ነገር «ታክስ ነው» ብሎ ማለፍ ለማይገባ ቅነሳ በር ይከፍታል።

በአብዛኛው ከግብር ቀጥሎ የሚመጣው የጡረታ መዋጮ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። የሠራተኛው 7 በመቶ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት አይነሣም። መነሻ ደመወዙ 6,500 ብር የሆነና ሌላ ክፍያ የሌለው ሰው ግብሩ በሙሉው 6,500 ላይ ተሰልቶ 800 ብር ይሆናል፤ ጡረታው 455 ብር ነው፤ እጁ ላይ የሚደርሰው 5,245 ብር ነው። ብዙዎች ጡረታውን አስቀድመው ቀንሰው ግብሩን ሲያሰሉ 709 ብር ስለሚመጣላቸው 91 ብር የተወሰደባቸው ይመስላቸዋል። መዋጮው ሥራ ሲለቁ ከመጨረሻ ደመወዝ ጋር በእጅ የሚሰጥ ቁጠባም አይደለም፤ የተዋጣበት አገልግሎት ወደ ቀጣዩ ቀጣሪ ተይዞ የሚደመር ነው።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመረቁት ደግሞ የወጪ መጋራት አለ። ይህ ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ ከወጣው ላይ ተመራቂው የፈረመበት ዕዳ ነው፤ ከደመወዝ እየተቆረጠ ስለሚገባ ከግብር ጋር ይምታታል። ዕዳው ሲያልቅ ይቆማልና የከፈሉበትን ማስረጃ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ወገን ቀጣሪው በራሱ ሥልጣን የሚቆርጠው ነው፦ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጠፋ ማንኪያ፣ የደንብ ልብስ፣ የጎደለ ሂሳብ። ከዚያው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደምንረዳው ከደመወዝ ላይ ገንዘብ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ቀጣሪው ጠቅላላውን ክፍያ፣ የተቆረጠውን ገንዘብ መጠንና ዓይነት፣ የተጣራውንም ክፍያ በመዝገብ መያዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ ማስረዳት ይጠበቅበታል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ስሠራ የብርጭቆ ሂሳብ «ታክስ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ተደምሮ አይቻለሁ፤ ከሠራተኞቹ ማንም አልጠየቀም።

«ሁለት ቦታ ብሠራ ሁለቱም ቦታ 2,000ው ይነሣልኛል»

ሕጉ የሚያየው በወሩ ከመቀጠር የተገኘውን ገቢ በአንድነት ነው። በሁለት ቦታ 4,000፣ 4,000 ብር የሚከፈለው ሰው በየቦታው 300 ብር ቢቆረጥበት 600 ብር ይመስለዋል፤ የ8,000 ብር ግብር ግን 1,150 ብር ነው። ሁለተኛ ሥራ መኖሩን ቀድሞ ማሳወቅ ኋላ ከሚመጣ ጥያቄ ያድናል።

«የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካወጣሁ ነጋዴ ሆኜ እመዘገባለሁ»

አይሆኑም። ቁጥሩ የሰውየው መለያ ነው፤ ቀጣሪው የቀነሰውን ግብር በማን ስም እንዳስገባ የሚታወቀው በእርሱ ነው። ንግድ ፈቃድ ከማውጣት ጋር አይገናኝም፤ አንድ ሰውም አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል።

«አንዴ ለመንግሥት የገባ ገንዘብ አይመለስም»

ከመጀመሪያው አመለካከት ተቃራኒ የሆነው ይህም ስሕተት ነው። ዓመታዊ ተመላሽ የለም ማለት በስሕተት በትርፍ የተከፈለ ግብር አይመለስም ማለት አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በትርፍ የተከፈለ ግብር እንዲመለስ ማመልከት እንደሚቻል ይደነግጋል። ስሕተቱ ከሐሳብ የራቀ አይደለም፦ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. በኋላ በቀድሞው ሠንጠረዥ ከተሰላ፣ 5,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 500 ብር መክፈል ሲገባው 697.50 ብር ይቆረጥበታል። ነፃ የሆነ የመጓጓዣ አበል ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ሲሰላበትም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደመወዝ ክፍሉ ነው፤ የወሩን ጠቅላላ ገቢ፣ የተጠቀሙበትን መጣኔና ተቀናሽ ቁጥር ጽፎ ማሳየት ክርክሩን ያሳጥረዋል። ገንዘቡ ገና ካልገባ ቀጣሪው እዚያው ያስተካክለዋል። ከገባ ደግሞ ማስተካከያው የሚጠየቀው ቀጣሪው ግብሩን በሚያስገባበት ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም እንደ ድርጅቱ ዓይነት በገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ወይም በሲዳማ ክልል የገቢ መሥሪያ ቤት ነው። የቅጥር ውሉ፣ የየወሩ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫውና የመለያ ቁጥሩ ለዚህ ያስፈልጋሉ፤ ማመልከቻው የጊዜ ገደብ ስላለውም ሥራ ከለቀቁ ከዓመታት በኋላ ማስታወስ አይጠቅምም።

ያ ተማሪ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን አውጥቶ 9,000ውን በ25 በመቶ አባዛ፤ 850 ቀነሰ፤ 1,400 መምጣቱን አይቶ ፈረመ። ከዚያም የነሐሴን የትርፍ ሰዓት ሂሳብ እንዳሳየው ጠየቀኝ።