«ቅዱሱ ተራራ»፦ ስለ 1926ቱ (እ.ኤ.አ.) ድምፅ አልባ ፊልም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቅዱሱ ተራራ»ን ዳይሬክት ያደረገው ጀርመናዊው አርኖልድ ፋንክ ነው። ታሪኩ ዲዮቲማ የምትባል ዳንሰኛንና ሁለት ጓደኛሞችን ይከተላል፤ ተራራ ወጪው ካርልና ወጣቱ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ቪጎ ሁለቱም ይወዷታል።

«ሁለቱ በሴት ተጣልተው ይገዳደላሉ» ይባላል። አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ተቀናቃኝ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም። ቪጎ ውድድሩን ሲያሸንፍ ዲዮቲማ የአንገት ሻርፗን ትሰጠዋለች። እሱ ፍቅር መስሎት ራሱን ጭኗ ላይ ያሳርፋል። ካርል ከሩቅ ያያቸዋል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ስለዚህ ልቡ ቆስሎ በማዕበል ገደሉን ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ያንኑ ቪጎን ነው። ነገሩ የሚፈርጠው ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ነው፦ ካርል ያየው ሰው ቪጎ መሆኑን ተረድቶ በቁጣ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ቪጎ ወደ ኋላ ይልና ይወድቃል። አንድ ገመድ ስላስተሳሰራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካርል ሌሊቱን ሙሉ በውርጭ እየደረቀ ገመዱን አይለቅም። የፊልሙ ልብ እዚህ ነው፤ የቅናት ታሪክ ብቻ ብሎ የሚያይ ሰው ይህን ያጣዋል።

«ተራራው የስቱዲዮ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። የውጪው ትዕይንት እውነተኛ ተራራ ላይ ነው የተቀረጸው፤ በሸርተቴ የሚወርዱትም እውነተኛ ስፖርተኞች ናቸው። ሁለቱን ተራራ ወጪዎች በሌሊት ሲፈልጓቸው የሚታየው ብርሃን የመጣው ከሚነድ ማግኒዚየም (ሲቃጠል ደማቅ ብርሃን ከሚሰጥ ብረት) ነው፤ የዘመኑ ፊልም በተራ ችቦ ብርሃን ምስል አይዝም ነበር። ሆን ተብሎ የተገነባው ካርል በቅዠቱ የሚያየው የበረዶ ካቴድራል ነው።

«ዳይሬክተሯ ሌኒ ሪፈንስታል ናት» ማለትም ስህተት ነው። እሷ ዲዮቲማን ሆና ተጫወተች፣ ዳንሱንም ራሷ ደነሰች፤ ከ1923 ጀምሮ የመድረክ ዳንሰኛ ነበረች። የራሷን ፊልም ዳይሬክት ያደረገችው በ1932 ነው፤ ለናዚዎች የሠራችው ከዚያ በኋላ። የፊልም ሃያሲው ዚግፍሪድ ክራካወር በ1947 የተራራ ፊልሞችን ስሜት ከናዚ መንፈስ ጋር አያይዞ ተችቷል። ትችቱ በቁም ነገር መታየት አለበት፤ ዓመታቱን ማምታታት ግን አያስፈልግም።

«ድምፅ አልባ ስለሆነ በዝምታ ይታያል» የሚለውን ኤድመንድ ማይዝል ለዚሁ ፊልም የደረሰው ሙዚቃ ያፈርሰዋል። በታኅሣሥ 1926 በርሊን ላይ ሲመረቅ ሪፈንስታል መድረክ ላይ ወጥታ ደንሳለች።

«የድሮ ፊልም ሰው ያሯሩጣል» የሚባለው ከማጫወቻው ፍጥነት የመጣ ነው። በሰከንድ 18 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ፊልም በ24 ሲታይ የ12 ደቂቃው ትዕይንት በ9 ደቂቃ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቅጂ ከገጠማችሁ ፍጥነቱን 0.75 ላይ አድርጉት። በሸርተቴ ዝላዩ ላይ የሚታየው ዝግታ ግን ፋንክ አውቆ ያደረገው ነው።