ዘ ዳርክነስ፦ ጨለማን መሣሪያ ያደረገው ጌም፣ ከሀዋሳ ተጫዋቾች ዓይን

ዘ ዳርክነስ በባለታሪኩ ዓይን እያዩ የሚጫወቱት፣ ተኩስንና አስፈሪ ታሪክን ያጣመረ የቪዲዮ ጌም ነው። የሠራው ስታርብሪዝ የተባለው የስዊድን ስቱዲዮ ሲሆን አሳታሚው የአሜሪካው ቱኬ ጌምስ ነው። በሰሜን አሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2007 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1999 መሆኑ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየሙን ሊቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ክረምት። የወጣው ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ብቻ ነው። ለኮምፒውተር አልተሠራም። ይህች ነገር በኋላ ሀዋሳ ውስጥ ማን የቱን ጌም እንደሚያውቅ ወስናለች።

ስለዚህ ጌም በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። በአፍ ግን ብዙ ይወራል። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከሁለቱ ጌሞች (ከመጀመሪያውና ከተከታዩ ዘ ዳርክነስ 2) ከራሳቸው፣ በመጨረሻ ከሚወርደው የሠሪዎች ስም ዝርዝር እና ከከተማችን ተጫዋቾች ጨዋታ ነው። ሰፊውን ቦታ የያዘው የመጀመሪያው ጌም ነው። ይገባዋልም።

መነሻው

ታሪኩ የተቀዳው ቶፕ ካው ከተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ፣ መጽሐፍ ነው። ኮሚኩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ፈጣሪዎቹ ማርክ ሲልቬስትሪ፣ ጋርዝ ኤኒስ እና ዴቪድ ዎል ናቸው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጨለማው የሚባል ጥንታዊ ኃይል በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወራሹ 21 ዓመት ሲሞላው ይነቃል። ኃይሉ ስጦታ ይምሰል እንጂ ሰውየውን ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል። ኮሚኩ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ነው፤ ጌሙ የወሰደው ግን መነሻውንና ዋና ዋና ሰዎቹን ነው። ለጌሙ ታሪክ የተሳተፈው ፖል ጄንኪንስ ራሱም የኮሚክ ጸሐፊ ነው።

የመጀመሪያው ጌም ታሪክ

ባለታሪኩ ጃኪ ኤስታካዶ ይባላል። ወላጅ አልባ ሆኖ ኒውዮርክ ውስጥ ያደገ፣ ለፍራንኬቲ የማፊያ ቤተሰብ ሰው የሚገድል ወጣት ነው። ጌሙ ሲጀምር 21ኛ ልደቱ ነው። አሳዳጊውና አለቃው አጎት ፖሊ ሊያስገድለው ይነሳል። በዚያው ምሽት ጨለማው በውስጡ ይነቃል። ከትከሻው ግራና ቀኝ እንደ እባብ የሚጥመዘመዙ ሁለት ራሶች ይወጣሉ፤ ድምፁም ከውስጡ ይናገራል።

ያን ድምፅ የሰጠው ፌዝ ኖ ሞር የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ ማይክ ፓተን ነው። ይህን ማንሳት የግድ ነው። ሲያሾፍ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲለማመጥ ሰው ይሁን አውሬ መለየት ያስቸግራል። ጃኪን የተጫወተው ተዋናይ ከርክ አሴቬዶ ነው። ጄኒን ሎረን አምብሮዝ፣ አጎት ፖሊን ደግሞ ድዋይት ሹልትዝ ተጫውተዋቸዋል።

ጄኒ ሮማኖ የጃኪ ፍቅረኛ ናት። አብረው ያደጉት በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ጌሙ ገና በጠዋቱ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ተኩሱን አቁሞ ጃኪን ወደ እሷ ቤት ይወስደዋል። የልደት ኬክ ሠርታለች። ቤቱ ገና በመታደስ ላይ ነው። ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ የተባለው የ1962 ጥቁርና ነጭ ፊልም ይታያል። ተጫዋቹ እስኪበቃው ድረስ አብሯት መቀመጥ ይችላል። የሚተኮስ የለም፣ የሚሰበሰብ ነጥብም የለም። እሷ ትከሻው ላይ ጋደም ትላለች፣ ጊዜው ይሄዳል። በዘመኑ እንዲህ የሚያደርግ የተኩስ ጌም ብርቅ ነበር። ዛሬም ብዙ አይደለም።

ያ ሶፋ ከሌለ ቀጥሎ የሚመጣው አያምም። አጎት ፖሊና ኤዲ ሽሮት የተባለው ሙሰኛ የፖሊስ ሹም ጄኒን ባደገችበት ማሳደጊያ ውስጥ፣ ጃኪ በመስታወት በኩል እያየ ይገድሏታል። ጨለማው አንቆ ይዞ አያንቀሳቅሰውም። ተጫዋቹ ቁልፍ ቢጫን ባይጫን ለውጥ የለውም። እስከዚያ ድረስ ኃይል ሲሰጥ የኖረው ነገር ማን ጌታ እንደሆነ የሚያሳየው እዚህ ጋ ነው። ጃኪ በሐዘኑ ራሱን ያጠፋል፤ ጨለማው ግን አይለቀውም።

የሚነቃው በሌላ ዓለም ነው። ቦታው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ይመስላል። ጭቃ፣ ሽቦ፣ መሞት የተከለከሉ ወታደሮች። እዚያ ቅድመ አያቱን አንቶኒ ኤስታካዶን ያገኛል። ጨለማው ወደ ቤተሰቡ እንዴት እንደገባ የሚነግረው እሱ ነው። ይህ ክፍል ለአንዳንዶች ይረዝማል። እውነት ነው፣ መንገዱም ትንሽ ያደናግራል። ሆኖም የጌሙ አስፈሪነት ከጭራቅ ብዛት የመጣ እንዳልሆነ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

መጨረሻው ላይ ጃኪ አጎት ፖሊን ፍለጋ መርከቦችን ወደሚመራው የመብራት ማማ ይሄዳል። ቀን ነው፣ ኃይሉ ደክሟል። ከዚያ ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ጨለማውም ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ላልተጫወተ ሰው መተው ይሻላል።

ብርሃን እንደ ሕግ

ጌሙን ከመሰሎቹ የለየው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ኃይሉ የሚኖረው ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው። ብርሃን ስር ሲቆም ይሟጠጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ ክፍል በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ጠላትን ሳይሆን አምፖልን ነው። መጀመሪያ መብራቱን መትቶ ያጠፋል፣ ቀጥሎ ወደ ሰዎቹ ይዞራል። ሌሎች አስፈሪ ጌሞች ተጫዋቹን ባትሪ አስይዘው ጨለማ ውስጥ ያስገቡታል። እዚህ ግን ጨለማው መጠለያው ነው፤ የሚያስፈራው ነገር አብሮት ነው ያለው።

ኃይሎቹ አራት ዋና ዋና ናቸው። ከሁሉ የሚወደደው አንደኛውን ራስ ነጥሎ መላክ ነው። ወለል ላይ ይሳባል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ በቀዳዳ ገብቶ በር ከውስጥ ይከፍታል፣ ያልጠረጠረ ጠባቂም ይነክሳል። ሁለተኛው ነገር የሚወጋውና የሚያነሳው የሰይጣን ክንድ ነው። ሦስተኛው በጨለማ የሚተኩሱ ሁለት ሽጉጦች ናቸው። አራተኛው በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚስብ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ራሶቹ የሟቾችን ልብ ሲበሉ ኃይሉ ያድጋል። ዳርክሊንግ የሚባሉ ትንንሽ ሰይጣኖችም በየቦታው ይጠራሉ። አንዱ ይናከሳል፣ አንዱ መትረየስ ይተኩሳል፣ አንዱ ራሱን ያፈነዳል፣ አንዱ ደግሞ መብራት ይሰብራል።

ኒውዮርክም በጌሙ ውስጥ የራሷ ሕይወት አላት። ጃኪ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ይመላለሳል። ችግር ያለበት ሰው ያናግረዋል፣ የስልክ ቁጥር ያገኛል፣ በሕዝብ ስልክ ይደውላል። ቴሌቪዥኖቹ ላይ ሙሉ የድሮ ፊልሞችና ካርቱኖች ይታያሉ። ጌሙ ሲጭን እንኳ ባዶ ስክሪን የለም፤ ጃኪ ፊት ለፊት ቆሞ ያወራል። ጌሙን ተጨንቀው እንደሠሩት ያስታውቃል።

በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚጫወቱበት ክፍልም ነበረው። ደካማ ነበር።

ሁለተኛው ጌም

ዘ ዳርክነስ 2 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2012፣ በእኛ ጥር 29 ቀን 2004 ወጣ። የሠራው የካናዳው ዲጂታል ኤክስትሪምስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዋርፍሬም የተባለውን ጌም ያወጣው ማለት ነው። ይህኛው ለኮምፒውተርም ተሠርቷል።

ታሪኩ ሁለት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። ጃኪ አሁን የቤተሰቡ አለቃ ነው። ብራዘርሁድ የተባለ ማኅበር በቪክቶር መሪነት ጨለማውን ሊነጥቀው ያሳድደዋል። ሥዕሉ እንደ ኮሚክ በደማቅ ቀለምና በጥቁር መስመር ተሠርቷል። ሁለቱ እጆች ሽጉጥ ይዘው ሁለቱ የጨለማ ክንዶች በተመሳሳይ ጊዜ ይሠራሉ። ግራው ይይዛል፣ ይወረውራል፤ ቀኙ ይቆርጣል። ውጊያው ከመጀመሪያው በብዙ ይፈጥናል። በመሃል አንድ የአእምሮ ሕክምና ቤት አለ። እዚያ ጄኒ ነርስ ናት፤ ጃኪም ማፊያ ሳይሆን በሽተኛ ነው ይባላል። የቱ እውነት እንደሆነ ጌሙ ጥርጣሬ ውስጥ ይጥላል። የመጨረሻው ምርጫም ከዚያው ይመጣል። ለአራት ሰው የሚሆን ቬንዴታ የተባለ ክፍልም አለው። ጃኪን በዚህኛው የተጫወተው ብራያን ብሉም ነው። ፓተን ግን በቦታው ተመልሷል።

ዋናው ታሪክ አጭር ነው። የበረታ ሰው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። መጨረሻው ለሦስተኛ ክፍል በር ከፍቶ ነበር የተወው፤ ሦስተኛው ግን አልመጣም።

ሀዋሳ ውስጥ

በከተማችን ጌም ቤቶች የነገሠው ኳስ ነው። ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲገባ የሚሰማው የፊፋና የፔስ ጩኸት ነው። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ዘ ዳርክነስ ለእንዲህ ዓይነት ቤት አልተሠራም። ተጋጣሚ የለውም። አንድ ሰው ጆይስቲኩን ይዞ ይቆያል፣ ሒሳቡም በሰዓት ይሆናል። ቤቱ በሞላበት ሰዓት በሰዓት የሚጫወት ሰው ብዙም አይወደድም።

የመጀመሪያው ጌም የተዛመተው ፕሌይስቴሽን 3 ባለባቸው ቤቶች ነው። ሀርድ ዲስክ ይዞ የሚዞር ሰው ጌም ይጭናል፤ ከኳሱ መሃል የታሪክ ጌሞች አብረው ይገባሉ። ሁለተኛውን ይበልጥ የሚያውቁት ደግሞ ባለ ላፕቶፖቹ፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ስለዚህ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ጄኒን በሶፋው ያውቃታል፣ አንዱ ከሞተች በኋላ ነው የተዋወቃት። ሲከራከሩ ሰምቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ያስረዳል።

ሀዋሳ ልጅ ግን ታሪክ ያለው ጌም ሲያገኝ ብቻውን አይጫወትም። አንዱ ይጫወታል፣ ከኋላው ወንበር ሞልቶ ይታያል። እንግሊዝኛው የሚሰማው ልጅ ጃኪ ያለውን በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ይመልሳል። "መብራቱን ምታው!" የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ጌሙ ለአንድ ሰው ቢሠራም እኛ ጋ የሚታየው በቡድን ነው፤ ይህም ለጌሙ የሚጎዳው አይመስለኝም። ሶፋው ላይ ሲደረስ ክፍሉ ዝም የሚልበትን ጊዜ ብቻውን የተጫወተ ሰው አያገኘውም።

አንድ የተግባር ችግር አለ። ጌሙ በጣም ጥቁር ነው። በቀን፣ በሩ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እየወደቀ ምንም አይታይም። የሚያውቅ ሰው መጋረጃ ያስወርዳል ወይም ከመሸ ይመጣል። ሌላው ሴቭ፣ ማለትም የደረሱበትን ቦታ ማስቀመጥ፣ ነው። የጋራ ማሽን ላይ ሌላው አዲስ ጌም ሲጀምር የራስ ሴቭ ሊጠፋ ይችላል። በየራስ ስም አካውንት መክፈት መፍትሔው ነው፤ ባለቤቱ ከፈቀደ።

ለወላጆችም አንድ ነገር መባል አለበት። ጌሙ በአሜሪካ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በአውሮፓ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ተብሎ የተመደበ ነው። የሰው ልብ ሲበላ ይታያል፣ ስድቡ ብዙ ነው፣ ራስን ማጥፋት ይታያል። ለታዳጊ አይሆንም። ጌም ቤቶች ዕድሜ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

አከራካሪ ነጥቦች

ዘ ዳርክነስ አስፈሪ ጌም ነው ወይስ የተኩስ ጌም የሚለው ክርክር አልተዘጋም። የተኩስ ነው የሚሉት፣ ተጫዋቹ ከማንም በላይ ጉልበተኛ ስለሆነ አይፈራም ይላሉ። ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ምናልባት ፍርሃቱ ከጠላት ሳይሆን ጃኪ ምን እየሆነ ነው ከሚለው የሚመጣ ይሆናል።

ሁለተኛው ይሻላል የሚሉም አሉ። በውጊያ፣ አዎ። በታሪክ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለም።

ሠሪዎቹን በተመለከተ፣ ከስታርብሪዝ የወጡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ማሽንጌምስ የተባለውን ስቱዲዮ መሥርተው በ2014 ዎልፈንስታይን ዘ ኒው ኦርደር የተባለውን የተኩስ ጌም ሠርተዋል። በተኩስ መሃል ቆም ብሎ ሰውን የማሳየት ልማዳቸው እዚያም ይታያል።

ዛሬ ለመጫወት

የመጀመሪያው ዲስክ ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ አይሠራም። የድሮ ፕሌይስቴሽን 3 ወይም ኤክስቦክስ 360 ያስፈልጋል፤ የኤክስቦክሱ ቅጂ በኤክስቦክስ ዋን ላይም እንዲሠራ ተደርጓል። ሁለተኛው ለኮምፒውተር ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ይገኛል፤ ብዙ አቅም አይጠይቅም፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ሁለቱንም ማግኘት የቻለ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምር። ሁለተኛው ሲከፈት ያለፈውን ባጭሩ ይተርካል፤ የጄኒን ቤት ግን በዚያ ትረካ ውስጥ አያገኘውም።