የማኑፋክቸሪንግ ተጨማሪ እሴት ምንድን ነው?

ሀዋሳ ላይ የፋብሪካ ወሬ ከተነሳ መለኪያው ሁሌም ሰው ነው። ማለዳ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚተሙት ልጆች በዙ ወይስ አነሱ? አንድ አገር በፋብሪካ ምርት ከሌላው በለጠ ሲባል ግን የሚቆጠረው ሰው አይደለም፣ ሽያጭም አይደለም። ተጨማሪ እሴት ነው። አዎ፣ ቫት ላይ ያለው ያው ቃል።

አቶቴ አካባቢ ሱሪ የሚሰፉልኝ አንድ ጋሼ አሉ። ሱሪውን በ2,000 ብር ያስረክቡኛል እንበል። ጨርቁ 1,200፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበር፣ ክርና መብራት 200። የቀረችው 600 ብር ናት ተጨማሪ እሴቷ። የረዳታቸው ደሞዝም የእሳቸው ትርፍም ከዚህችው ነው የሚወጣው። ነገ ጨርቁ 1,700 ቢገባና ሱሪውን 2,500 ቢያደርጉት ሽያጫቸው አደገ፣ ተጨማሪ እሴቱ ግን ያው 600 ነው፤ የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ። የአገሩ ፋብሪካ ሁሉ በዚህ መልክ ከተሸጠው ላይ የገዛው ተቀንሶ ሲደመር የማኑፋክቸሪንግ ተጨማሪ እሴት ይባላል።

አሁን ሁለት ትንንሽ አገሮች እንይ። ሌሶቶና ኤስዋቲኒ፣ የድሮዋ ስዋዚላንድ። ሁለቱም ንጉሥ አላቸው፣ የሁለቱም ገንዘብ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ ነው። ሌሶቶ ለአሜሪካ ገበያ ጂንስና ቲሸርት ትሰፋለች። እ.ኤ.አ. በ2000 አጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው የአሜሪካ ሕግ፣ ሲመጣ ፋብሪካው እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ በ2004 ሠራተኛው 50 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በ2005 መባቻ ላይ የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሲነሳ የእስያ ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀውና አንዳንዱ ፋብሪካ በሩን ዘጋ። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጎዋ ሲቀርብን ፓርኩ ምን እንደሆነ ሰፈር ውስጥ አይተናል።

ኤስዋቲኒ ደግሞ ስኳር አላት። ከዚያ በላይ ግን፣ ኮካ ኮላ በአፓርታይድ ዘመን ከደቡብ አፍሪካ ሲወጣ እ.ኤ.አ. በ1987 ማትሳፋ በምትባል ከተማ የተከለው የለስላሳ መጠጥ መሥሪያ ውህድ (ኮንሰንትሬት) ፋብሪካ አለ። ሠራተኛው ጥቂት መቶ ነው። ሕዝቧ የሌሶቶን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የማኑፋክቸሪንግ ተጨማሪ እሴቷ ግን ሌሶቶን በብዙ ይበልጣል!

እንዴት? ጂንሱን የሚሰፋው ፋብሪካ ብዙውን ግብዓት ከውጭ ነው የሚያመጣው፤ ያ ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው ከስፌት ዋጋ ብዙም አይዘልም። የውህዱ ግብዓት ግን ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እዚህ ላይ እኔም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከዚያ ዋጋ ውስጥ የኮካ ኮላ ስም ድርሻ ቀላል አይደለም፣ ስሙ ደግሞ ማትሳፋ አልተሠራም። ቁጥሩ ግን ማትሳፋ ላይ ይመዘገባል።

ሁለቱን አገሮች በዓመታት ውስጥ ለማወዳደር ሲባል ሌላ ጣጣ ይመጣል፣ የዶላር ጣጣ። ራንድ ሲወድቅ አንዲት ጂንስ ሳትጎድል የሁለቱም ምርት በዶላር ቁልቁል ይሄዳል። እርስ በርስ ስታስተያያቸው ችግር የለውም፣ አብረው ነዋ የወረዱት። የአምናውን ከዘንድሮ ስታደርግ ግን ይሸውድሃል። የእኛን ብር አስብ፦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሳምንት የልብስ ስፌት መኪኖቻችን ግማሹ ቆሙ እንዴ? ለዚህ ነው ቋሚ ዋጋ የሚባለው ያለው፦ የሁሉንም ዓመት ምርት በአንድ በተመረጠ ዓመት ዋጋና ምንዛሪ ማስላት ነው። ግራፍ ካየህ መጀመሪያ ታች ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብብ፤ «በወቅቱ ዋጋ» የምትል ከሆነ ከፊሉ የዋጋ ንረት ወይም የምንዛሪ ለውጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። «እና ልጄ፣ የኔይቱ 600 ናት?» አሉኝ። አዎ ስላቸው መቀሳቸውን አነሱ። «ለገቢዎች እንዳትነግርብኝ።»