ያረጠች ሴት ቆዳ፦ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የሰማኋቸው ስሕተቶች

ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙ ሳይርቅ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ ሴቶች ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቆዳቸው ይጠይቁኛል። «ማረጥ» የሚለውን ቃል ግን ደፍራ የምትጠራው ጥቂት ናት።

«ፊቴን ያደረቀው የድሬ ሙቀት ነው»

ሙቀቱ ድርሻ አለው። ነገር ግን አርባ ዓመት ያልጎዳት ሙቀት ዛሬ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ነፋሻማው ሐረር ያለችው እህቷም ያንኑ ታማርራለች። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ሴት አረጠች ይባላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ የቆዳው ወዝና እርጥበት አብሮ ይቀንሳል። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅንም በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ ሊጎድል ይችላል። ክንድ በር ሲነካው ቶሎ የሚበልዘው፣ የሽንኩርት ቢላዋ የቆረጠው ጣትም ለመዳን የሚዘገየው ለዚህ ነው።

«የሚረግፈው እድፍ ነው፤ በሙቅ ውሃ ፈትጎ ማስለቀቅ ነው»

እድፍ አይደለም፤ የደረቀ ቆዳ ነው። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ሳሙናውም ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ ይሁን። ገላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ከብዙ ውድ ቅባት ይሻላል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ያስተማሩንን ቃሲል እኔም እወደዋለሁ፤ ሆኖም እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ቅጠል ነውና ፊት ላይ ደርቆ እስኪሰነጠቅ መተው ለደረቀ ቆዳ አይበጅም።

«ማድያትን ሎሚና የሚያቀላ ቅባት ያጠፋዋል»

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው። ባለፈው አንዲት ሴት ገበያ ላይ የተቀላቀለ፣ ስም የሌለው ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ድሬ አንቱታ የለምና፣ በዕድሜ እናቴ ብትሆንም «እስቲ ሻሽሽን ገለጥ አድርጊ» አልኳት። ጉንጯ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ቀያይ የደም ሥሮቿ ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይገኛል፤ አንዳንዱም ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለበት። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፤ ማረጥ ያሳሳውን ደግሞ መድገም ምን ይሉታል? ለወራት ስትቀባው ኖራ በድንገት ብታቆመው ፊቷ ሊቆጣ ስለሚችል ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ሎሚውም ቢሆን ተቀብተውት ፀሐይ ከወጡ ያቃጥላል፤ ከዳነ በኋላም ከማድያቱ የባሰ ጥቁረት ሊተው ይችላል።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም»

በመጠኑ ይከላከላል እንጂ ጨርሶ አያድንም። ማድያትን ከሚያጠቁሩት ዋነኛው ፀሐይ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ነፋሱ ቢያታልልም የፀሐይዋ ጨረር ከድሬ ይበረታል። ጃንጥላ፣ ሰፊ ሻሽ፣ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። እግረ መንገዴን፦ በጥቁር ሰው ላይ አደገኛው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው የውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር ነው። እዚያ የሚሰፋ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሐኪም ይየው።

«ብጉር የልጃገረድ ነው»

አይደለም። ኤስትሮጅን ሲወርድ በሴት ገላ ውስጥ ያለው ጥቂት የወንድ ሆርሞን ጉልበት ያገኛል። አገጭ ላይ ብጉርም ጥቂት ጸጉርም ብቅ ሊል ይችላል። አይፍረጥ፤ ጠባሳው ይጠቁራል።

ያቺ ባለ ብልቃጥ ሴት በር ደርሳ ጃንጥላዋን ከዘረጋች በኋላ ዞር አለች። «የታችኛውስ ሲደርቅ?» አለች በሹክሹክታ። ያው ሆርሞን መሆኑን፣ ሳሙና እዚያ ማስገባት እንደሚያባብሰው፣ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ መኖሩን፣ ካልበቃም ሐኪም የሚያዘው አነስተኛ የኤስትሮጅን ክሬም እንዳለ ነገርኳት። ጃንጥላዋን መልሳ አጠፈችና ወንበር ሳበች።