የፍራፍሬ ጭማቂ፣ አንቲኦክሲዳንት እና አረጋውያን

ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይል ሲቀይር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ሲበዙ ሴሎችን ይጎዳሉ። አንቲኦክሲዳንት የምንላቸው እነዚህን አደብ የሚያስገዙ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የራሱ መከላከያ ይደክማል። አረጋውያን ጁስ ጠጡ የሚባሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ የቀኑን ቫይታሚን ሲ ይሸፍናል። በ2006 የወጣ ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ 1,836 የጃፓን ዝርያ ያላቸውን አረጋውያን ለዓመታት ተከታትሏል። በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጭማቂ የሚጠጡት አልዛይመር በተባለው የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከአንድ ጊዜ በታች ከሚጠጡት በ76 በመቶ ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ጁስ የሚያዘወትር ሰው በሌላውም ነገር ራሱን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱን ለጭማቂው ብቻ መስጠት አይቻልም። አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ይጠቅማል የሚለውም አያስኬድም። በ1994 ይፋ በሆነ የፊንላንድ ጥናት ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በእንክብል የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

እስቲ ብርቱካን ሲጨመቅ ልብ ብላችሁ እዩ። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ፍሬ ያህል ያልቃል። አብዛኛው አሰር ማጥለያው ላይ ይቀራል። ሄስፔሪዲን የተባለው አንቲኦክሲዳንትም በብዛት ያለው ከምንጥለው ነጭ ሽፋን ላይ ነው። ስኳሩ ግን ወደ ብርጭቆው ይወርዳል፤ 20 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እንደ ማርና እንደ ተጨመረ ስኳር ሊቀነስ ከሚገባው ስኳር ይቆጥረዋል። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ የብርቱካን ጭማቂ ደካማ ኩላሊት በቀላሉ የማያስወግደው ፖታሺየም የተባለ ማዕድን ስላለው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግሬፕፍሩት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ የሆነ መራራ ፍሬ ነው። አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል። እንደ ሲምቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል፣ እንደ ፌሎዲፒን ያለ የደም ግፊት መድኃኒት በደም ውስጥ ከልክ በላይ ይከማቻል። የአንድ ብርጭቆ ውጤት ከ24 ሰዓት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ጠዋት ጁሱን፣ ማታ ክኒኑን መውሰድ መፍትሔ አይሆንም።

ማኘክ ላቃታቸው ወይም የምግብ ፍላጎታቸው ለጠፋ ግን ጭማቂ ባለውለታ ነው። 150 ሚሊ ሊትር፣ ስኳር ሳይጨመርበት፣ ከምግብ ጋር ይበቃል። ከምግብ ጋር ሲሆን ቫይታሚን ሲው በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ያግዛል።