የአይፎን አናሊቲክስ ዳታ ምንድን ነው?

በየቪዲዮው እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «ሴቲንግ ግቡ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲን ንኩ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ አናሊቲክስ ኤንድ ኢምፕሩቭመንትስን፣ ከዚያ አናሊቲክስ ዳታን ክፈቱ። የማታውቁት ረጅም ዝርዝር ካያችሁ ስልካችሁ ተጠልፏል።»

መንገዱ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን ውሃ አይቋጥርም። ይህን ሰምተው የደነገጡ ሰዎች በየጊዜው ወደ ጥገና ቤት ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ስልኩን ራሳቸው ፎርማት አድርገውታል። ባክአፕ ያልነበረው ሰው የልጆቹን ፎቶ ሳይቀር አጥቷል። ስልኩ ግን ምንም አልነበረበትም። ስለዚህ ነገሩን በወጉ ላስረዳ።

አናሊቲክስ ዳታ ስልኩ ራሱ የሚጽፋቸው ፋይሎች ማከማቻ ነው። ሲስተሙ ውስጥ አንድ ነገር ሲሆን፣ ሲዘገይ፣ ሲዘጋ ወይም ሲቆጠር ፋይል ይጻፋል። ሁሉም አይፎን ላይ አለ። ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ስልክም በጥቂት ቀን ውስጥ ዝርዝሩ ይረዝማል።

በሩ ላይ ጥበቃ ያለበት አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። ጥበቃው መዝገብ ይዟል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት ሄደ፣ ሁሉን ይጽፋል። መዝገቡ ስለወፈረ ግቢው ተዘርፏል አይባልም። ጥበቃው ሥራውን ሠርቷል ማለት ብቻ ነው። ሌባ ደግሞ በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ አይገባም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በአናሊቲክስ የሚጀምሩት፣ ሲሪ ሰርች ፊድባክ የሚሉት፣ የዋይፋይ ስም ያለባቸው፣ እነዚህ ሁሉ የዕለት ተዕለት መግቢያና መውጫ ናቸው። እለፏቸው። ሪሴት ካውንተር የሚለው ስልኩ ተገዶ እንደገና ሲነሳ ይጻፋል። እናንተ ራሳችሁ ቁልፎቹን ተጭናችሁ በግድ ብታስነሱትም ይጻፋል። እሱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ጄትሳም ኢቨንት ወደሚባለው ፋይል። አንድ ቪዲዮ ሠሪ «ይሄን ስም ካያችሁ ቫይረስ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ሌላው ደግሞ «ስልኩ ክራሽ እያደረገ (በድንገት እየወደቀ) ነው፣ አትግዙት» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጄትሳም ቫይረስም አይደለም፣ ክራሽም አይደለም። አይፎን ራም (አፖች ሲሠሩ የሚይዙት ጊዜያዊ ቦታ) ሲጠበው እንደ ኮምፒውተር ትርፉን ዲስክ ላይ ገልብጦ ቦታ አይፈጥርም። ያለው አማራጭ በጊዜው የማትጠቀሙባቸውን አፖች መዝጋት ነው። ካሜራ ስትከፍቱ ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ብሮውዘር ይዘጋል። ስትመለሱ ገጹ እንደ አዲስ ይጫናል፣ የጀመራችሁት ጽሑፍም ሊጠፋ ይችላል። ያበሳጫል፣ ግን ስልኩ ታሟል ማለት አይደለም። ግቢው ሲሞላ ጥበቃው አዲስ ለመጣው መኪና ቦታ ለማግኘት፣ ባለቤቱ የሌለበትን መኪና ከግቢ ያስወጣል። ማስወጣቱንም ይመዘግባል። ማንም አልተጣላም።

ፋይሉን ከፍታችሁ ብታዩት እንኳ መልሱ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። መጀመሪያ አካባቢ ላርጀስት ፕሮሰስ የሚል መስመር አለ። በዚያ ሰዓት ብዙ ራም ይዞ የነበረውን አፕ ይነግራችኋል። ፔጅ ሳይዝ በሚለው ፊት 16384 ይላል። ራሙ በገጽ በገጽ ይከፈላል፤ አንዱ ገጽ ይህን ያህል ባይት ነው። ከዚያ በየአፑ ሥር አር ፔጅስ የሚል ቁጥር አለ። አንድ ጌም 60000 ቢል፣ በ16384 አባዙት፤ 983 ሜጋባይት ገደማ ይዞ ነበር ማለት ነው። የተዘጋው አፕ ጋ ደግሞ ምክንያቱ ተጽፏል። ፐር ፕሮሰስ ሊሚት ካለ፣ አፑ ከተፈቀደለት በላይ ወስዷል፤ ጥፋቱ የአፑ ነው። ቪኤም ፔጅ ሾርቴጅ ካለ፣ ስልኩ በጠቅላላው ራም አጥሮት ነበር። ራሙ ትንሽ የሆነ የቆየ ሞዴል ላይ ይህ በየቀኑ ቢጻፍ አይገርምም።

እውነተኛው የአፕ ክራሽ ሌላ ነው። ፋይሉ በአፑ ስም ይጀምርና ቀኑ ይከተላል። ቴሌግራም ከወደቀ በቴሌግራም የሚጀምር ፋይል ታገኛላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እርሱት። ያው አፕ በየቀኑ ከወደቀ አፕዴት አድርጉት፣ ካልሆነም አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት። ሌላም ዓይነት አለ። አፑ ሲከፈት ተገትሮ ከቀረ፣ 20 ሰከንድ ገደማ ጠብቆ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋዋል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰፈር ይህ ይበዛል። በደንብ ያልተሠራ አፕ ከሰርቨሩ መልስ ሳያገኝ ስክሪኑን አላንቀሳቅስም ይላል፣ ሰዓቱ ያልቅበታል። ሰዉ ግን «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ይመጣል።

ልንፈራው የሚገባው ፓኒክ ፉል በሚል የሚጀምረው ነው። እዚህ ላይ የወደቀው አፕ ሳይሆን ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት ነው። ሁሉን አቁሞ ስልኩን እንደገና ያስነሳል። ያም ሆኖ በወራት ውስጥ አንድ ቢገኝ ምንም አይደለም። መፍራት ያለባችሁ ሲደጋገም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንኑ ቃል ይዞ ሲደጋገም።

በጥገና ቤት በብዛት የሚገጥመን ይህ ነው። ሰውየው ቻርጅ አልቀበል ስላለው ሌላ ቦታ የቻርጅ ፍሌክሱን (የቻርጅ መሰኪያውን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ስስ ገመድ) በኮፒ ያስቀይራል። ቻርጁ መሥራት ይጀምራል። ስልኩ ግን በየ3 ደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። «ቦርዱ ሄዷል፣ ለእቃ ሽጠው» ይባላል። አናሊቲክስ ዳታ ሲከፈት ፓኒክ ፉል በላይ በላይ ተደርድሯል። አንዱ ውስጥ ሲገባ፣ ተርማል ሞኒተር ዲ የሚባለው ፕሮግራም 180 ሰከንድ ሙሉ ድምፁን አላሰማም የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከዚያው ከጽሑፉ ውስጥ ሚሲንግ ሴንሰር ይልና ስም ይጠራል፤ ፒአርኤስ 0 ወይም ማይክ 1።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። የጥበቃው ኃላፊ ለየሕንፃው በየጊዜው ይደውላል። ከአንዱ ሕንፃ 180 ሰከንድ ሙሉ መልስ ካጣ፣ አደጋ ደርሷል ብሎ ግቢውን በሙሉ ያስለቅቃል። ሕንፃው ግን ምንም አልሆነም፤ የተበጠሰው የስልኩ መስመር ነው። አይፎኑም እንደዚያ ነው። ተርማል ሞኒተር ዲ፣ ማለትም የሙቀቱ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም፣ የሚያዳምጣቸው ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ሲጠፋበት እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ፒአርኤስ 0 የአየር ግፊት መለኪያው ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ከማይክ 1 ጋር ከታች በቻርጅ ፍሌክሱ በኩል ያልፋል። ኮፒው ፍሌክስ ያ ሴንሰር ከሌለው ወይም በደንብ ካልተሰካ፣ ስልኩ 3 ደቂቃ በሞላ ቁጥር ይወድቃል። ቲጂ 0 ቪ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ ባትሪው ወገን ፈልጉ። ትክክለኛ ፍሌክስ ሲገባ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ቦርዱ ምንም አልነበረውም።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። የሴንሰሩ ስም ያው ሆኖ የሚያልፍበት ፍሌክስ በሞዴል ይለያያል። ለአንዱ ሞዴል የሠራውን ሰንጠረዥ ለሌላው አትጠቀሙ። ፍሌክስ ከማዘዛችሁ በፊትም ሶኬቱን በማይክሮስኮፕ እዩት። ውሃ የነካው ስልክ ላይ ዝገቱ ያለው እዚያ ነው፤ አዲስ ፍሌክስ ብታስገቡም ያው ነው።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ደንበኛው «ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠፋብኝ» ይላል፣ ፋይሉ ላይ የሚገኘው 21 ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ይህን ሳያስተውል «በዚያ ሰዓት ምንም አልተጻፈም» ብሎ ሰው የመለሰ ጠጋኝ አውቃለሁ። ሎግ (መዝገቡ) የሚረባው ስልኩ ከጠፋበት ደቂቃ ጋር ሲገጥም ነው። ካልገጠመ ሌላ ታሪክ እያነበባችሁ ነው።

ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ደግሞ ባዶ ዝርዝር አያስደስታችሁ። ስልኩ ፎርማት ሲደረግ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋል። ባዶ ማለት ንጹሕ ማለት ሳይሆን ትናንት ማታ ተጠርጓል ማለት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ሳታጠፉ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያዙት፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ደውሉበት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ፓኒክ ፉል ተጽፎ እንደሆነ እዩ። በየ3 ደቂቃው የሚጠፋን ስልክ በ2 ደቂቃ ሙከራ አታውቁትም።

አንድሮይድ ላይ ይህን የመሰለ ለተጠቃሚ የተዘጋጀ ዝርዝር የለም። ሎግካት የሚባለው መዝገብ አዲሱ አሮጌውን እየሸፈነ ይሄዳል፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳም ይጠፋል። ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ነክታችሁ ዴቨሎፐር ኦፕሽንን ካበራችሁ፣ ከዚያ «በግ ሪፖርት» የሚባለውን የስልኩን የችግር መዝገብ ማውጣት ትችላላችሁ። ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ወይም አፑ እንደወደቀ ወዲያው አውጡት። «አፑ ምላሽ አይሰጥም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ስትነኩት 5 ሰከንድ ሙሉ ዝም ሲል ነው፤ ክራሽ አይደለም፣ አፑ ተገትሮ ቀርቷል ማለት ነው።

መጠለፍን መፍራት ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሲቲዝን ላብ የሚባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቺዎች ኮምፒውተር ላይ የስለላ ሶፍትዌር መላኩን አሳይቷል። ያ የታወቀው ግን ተመራማሪዎች የተላኩትን ፋይሎች በላብራቶሪ ፈትሸው ነው። የስልክ ስለላን ለመፈለግም አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ኤምቪቲ የሚባል መሣሪያ አለ። እሱም የስልኩን ባክአፕ ከታወቁ የስለላ ምልክቶች ጋር ያመሳክራል እንጂ የዝርዝሩን ርዝመት አይቆጥርም። ሥራችሁ ለዚህ የሚያጋልጣችሁ ከሆነ፣ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ያለውን ሎክዳውን ሞድ (ለጥቃት የሚያጋልጡ አገልግሎቶችን የሚገድበውን) አብሩ፣ ለባለሙያም አሳዩ። ስልኩን ፎርማት አታድርጉ፤ ማስረጃውን ታጠፉታላችሁ።

ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እየለጠፋችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» የምትሉም አላችሁ። ጄትሳም ፋይል ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚሠሩት አፖች በሙሉ በስም አሉ። የትኛውን ባንክ እንደምትጠቀሙ፣ የትኛውን ቪፒኤን እንደጫናችሁ የማያውቃችሁ ሰው ሁሉ ያየዋል። ፓኒክ ፉልም ከታች በኩል ያንኑ ዝርዝር ይይዛል። ጠጋኝ ከጠየቃችሁ ሙሉ ፋይሉን አትላኩ። ፓኒክ ስትሪንግ ከሚለው ጀምሮ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ስክሪንሹት አንሱና እሱን ላኩለት። የሴንሰሩ ስም ያለው እዚያ ነው።