በፈጣን አዮንና በአቶም ግጭት የሞመንተም ልኬት

ፈጣን አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) ሌላ አቶምን ሲመታ ምን ያህል ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ይሰጠዋል? መጀመሪያ የሚታሰበው መቺውን አዮን ከግጭቱ በፊትና በኋላ መለካት ነው። ጣጣው መቺው ከመንገዱ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። በኑክሊዮን (በእያንዳንዱ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) 3.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የካርቦን አዮን አንድ አቶማዊ አሃድ (በአቶም ደረጃ የሚሠራበት ትንሽ መለኪያ) ሞመንተም ወደ ጎን ቢሰጥ፣ 1 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የሚስተው በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ጋይገርና ማርስደን እ.ኤ.አ. በ1909 የተበተኑ የአልፋ ቅንጣቶችን (የሂሊየም ኒውክሊየሶችን) ከቆጠሩ በኋላ፣ ለአሥርተ ዓመታት ዓይን ሁሉ መቺው ላይ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ እነ ሽሚት-ቦኪንግና ኡልሪክ ነገሩን ገለበጡት፤ የተመታውን እንለካ አሉ። ብልህ ሐሳብ ነበር። ያችው ትንሽ ሞመንተም የሂሊየም አዮንን በሰከንድ 300 ሜትር ያህል ታስሮጠዋለች።

እዚህም እንቅፋት አለ። በክፍል ሙቀት ያለ ሂሊየም ማንም ሳይነካው በሰከንድ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ስለዚህ ጋዙ መቀዝቀዝ አለበት። በጠባብ ቀዳዳ ወደ ባዶ ክፍል ሲለቀቅ ይስፋፋል፤ አቶሞቹም በአንድ አቅጣጫ፣ በተቀራረበ ፍጥነት ይጓዛሉ። የውስጥ ሙቀታቸው ከ1 ኬልቪን በታች ይወርዳል። ይህን ቀጭን የጋዝ ጅረት የአዮን ጨረሩ ያቋርጠዋል። ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ የተመታውን አዮን ወደ ዲቴክተር ይስበዋል። ካረፈበት ቦታና ከፈጀበት ጊዜ ሦስቱም የሞመንተም ክፍሎች ይሰላሉ። ኤሌክትሮኖቹ ቀላልና ፈጣን ስለሆኑ እንዳያመልጡ በማግኔታዊ መስክ እየተጠመዘዙ ወደ ሌላ ዲቴክተር ይሄዳሉ። የመቺው ለውጥ ከሁለቱ ድምር ይገኛል፤ እሱን መንካት እንኳ አያስፈልግም።

ዘዴው ኮልትሪምስ (COLTRIMS፣ የቀዘቀዘ ዒላማን አዮን ሞመንተም መለኪያ) ይባላል። ኤሌክትሮኑንም አብሮ ሲለካ ሪአክሽን ማይክሮስኮፕ የሚለው ስም ይዘወተራል። በ1990ዎቹ ጀርመን ዳርምስታት ላይ የታየው ውጤት ዛሬም ያስደንቃል፦ ከባድ አዮን በፍጥነት ሲያልፍ ኤሌክትሮኑና የሂሊየም አዮኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈናጠራሉ፤ መቺው ራሱ ግን እንደ ብርሃን ብልጭታ፣ ሞመንተም አላስተላለፈም ያሰኛል።

በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ልኬት ግን ጭቅጭቅ አስነሳ። በኑክሊዮን 100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው የካርቦን አዮን ሂሊየምን ሲመታ የወጡት ኤሌክትሮኖች ስርጭት፣ ከግጭቱ ጠለል (የመቺው መንገድና የሰጠው ሞመንተም አቅጣጫ ከሚሠሩት ዝርግ ገጽ) ውጪ ከቲዎሪው ጋር አልገጠመም። አንዳንዶች ጥፋቱን በመሳሪያው የመለየት አቅም፣ ሌሎች በጨረሩ ሞገዳዊ ቅንጅት (አዮኖቹ እንደ ሞገድ ምን ያህል ተስማምተው እንደሚሄዱ) አሳበቡ። በ2016 የ1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን ተጠቅሞ የተሠራ የፍራንክፈርት ልኬት ከቲዎሪው ጋር ልክ ገጠመ። የቅንጅት ደጋፊዎች አሁንም አሉ፤ ሚዛኑ ግን ወደ መሳሪያው ያዘነበለ ይመስላል።